ወሬ የሚሄድበት መንገድ፤ ከቆቃ ድልድይ እስከ ታችኛው አዋሽ

አዋሽ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ የሸዋን ሜዳ እያጠጣ ቆቃ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ያርፋል፤ ከጣሊያን መንግሥት በጦር ካሣ በተገኘው ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ግድብ ውሃውን አግዶ ሐይቅ አድርጎታልና። ከግድቡ በታች ያለው መንገዱም የታወቀ ነው። ወንጂን፣ መተሐራን፣ አዋሽ ጣቢያን፣ አሚባራንና ገዋኔን አልፎ፣ የአሳይታን ሜዳ አጠጥቶ፣ ከባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በአዋሽ ዳር ተሹሞ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ካርታውም በመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ዳሩ ግን በዚያው ሸለቆ ውስጥ በሌላ መንገድ የሚፈስ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ወሬ ነው። ክረምቱ ከብዶ ሐይቁ በሞላ ጊዜ የግድቡን በር መክፈት ግድ ይሆናል። በሩም ሲከፈት፣ በታች በኩል በወንዙ ዳር ከብቱን አስተኝቶ የሚያድረው ሰው ከውሃው በፊት ወሬው ካልደረሰው ጥጃውንም ልጁንም ያጣል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ከዳርቻው ወጥቶ በአፋር አገር ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ማፈናቀሉ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እንግዲህ ውሃው በየት በኩል እንደሚመጣ በካርታ ከተሣለ፣ «ውሃ መጣ» የሚለው ቃል በየት በኩል እንደሚሄድ ያልተሣለበት ምክንያት ምንድን ነው?

የመንግሥት ቃል የሚወርድበት መስመር እንደ ዛፍ የተሠራ ነው። ከግንዱ ወደ ትልቁ ቅርንጫፍ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ከትንሹም ወደ ቅጠሉ ይደርሳል፤ እያንዳንዱም ቅጠል ከተጣበቀበት ቅርንጫፍ በቀር ሌላ አያውቅም። ይህ አሠራር ለትእዛዝ መልካም ነው፤ ማን ማንን እንዳዘዘ፣ ደብዳቤውም በማን እጅ እንደ ዘገየ ከመዝገብ ላይ ይታያል። የሽቦና የሐዲድ ዘመን በመጣ ጊዜም ነገሩ ይህንኑ መልክ ያዘ። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘረጋ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡርም ሞጆንና አዳማን የመሰሉትን ጣቢያዎች በሐዲዱ ላይ እንደ መቍጠሪያ ዶቃ ደረደራቸው። ምሰሶና ሐዲድ በዐይን የሚታይ ስለ ሆነ ሹም የሆነ ሰው ሁሉ የአገሩ ወሬ በዚያ ብቻ የሚሄድ ይመስለዋል።

ባላገሩ ግን የሚሰማው በገበያ፣ በእድር፣ በለቅሶ ቤት፣ በወፍጮ ቤት፣ በውሃ መቅጃና በጭነት መኪና ላይ ነው። ስለ ከብት ክትባት ወይም ስለ ዘር የተጻፈ ደብዳቤ ከወረዳ እስኪወርድ ድረስ ሕዝቡ ነገሩን በሌላ በኩል ሰምቶ፣ ተማክሮ፣ «አይሆንም» ብሎ ቈርጦ ይቈያል። ሹሙም በበኩሉ «ሕዝቡ እንቢተኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። እንቢ ያለው ማንም የለም፤ ደብዳቤው ፍርዱ ከተሰጠ በማግሥቱ እንደ ደረሰ ጠበቃ ሆኖ ነው እንጂ።

በዚህ ሸለቆ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሥርዐት ያለው የወሬ ልማድ የአፋሮች ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ተሰጣጥተው አይተላለፉም፤ አረፍ ብለው በተራ ይነጋገራሉ። አንደኛው ከየት እንደ መጣ፣ በመንገዱ ማንን እንዳገኘ፣ ሣሩና ውሃው እንዴት እንደ ሆነ፣ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ በከብት ላይ ምን በሽታ እንደ ታየ፣ የገበያው ዋጋ ስንት እንደ ገባ፣ በጎሣዎች መካከል ሰላም ወይም ጠብ መኖሩን ይናገራል። ሁለተኛው በየመካከሉ እየተቀበለ ያደምጣል፤ ከዚያም ተራው ይለወጣል። በዐይን የታየውና ከሰው የተሰማው ተለይቶ ይነገራል፤ ሐሰት የነዛ ሰው በጎሣው ሕግ ይቀጣል። ከተለያዩ በኋላም ሁለቱም የሰሙትን ይዘው ይሄዱና ከሚቀጥለው መንገደኛ ጋር እንደዚሁ ያደርጋሉ። የነገሩን ምንጭ ሳያመለክት ወደ አለቃው የሚጽፍ ጸሐፊ ከእነዚህ እረኞች ብዙ ሊማር ይችላል።

ዳጉ እንደ መንግሥት መስመር ግንድና ቅርንጫፍ የለውም፤ ማንም ሰው ለማንም ይናገራል። ይሁን እንጂ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ሁለት ጎሣዎች ከብት በሚያጠጡበት ጕድጓድ አጠገብ የሚውል ሰው ከሁለቱም ወገን ይሰማል፤ በሩቅ ግጦሽ ከገዛ ወገኑ ጋር ብቻ የሚውለው ግን አንዱን ወሬ ከዐሥር አፍ ደጋግሞ ይሰማዋል። እንግዲህ ነገሩ መልክ አለው፤ መልኩ ግን ተሰውሯል። የቅኔ ተማሪ ሰሙን እየሰማ ወርቁን እንደሚፈልግ፣ እዚህም ከጫጫታው በታች ያለውን አሠራር መፈለግ ያስፈልጋል።

ይህን ለማግኘት የሚያስችል ብልሃት በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ ይገኛል። የሚያስደንቀውም ሰዎቹ የተነጋገሩትን ሳይሰሙ የንግግራቸውን መልክ ማግኘቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ጎርደን ዌልችማን የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ መምህር በብሌችሊ ፓርክ ተቀምጦ፣ የጀርመኖች የሬድዮ መልእክት ገና ሳይነበብለት፣ የትኛው ጣቢያ የትኛውን እንደ ጠራ ብቻ እየመዘገበ ስለ ጦራቸው አደረጃጀት ብዙ ነገር ለማወቅ ቻለ።

ከዚያ በኋላ በፈረንጅ 2008 በቤልጅግ አገር ቪንሰንት ብሎንዴልና ጓደኞቹ የ2 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ሰዎችን የእጅ ስልክ መዝገብ መረመሩ። ማን ለማን እንደ ደወለ ብቻ አይተው፣ እርስ በርሳቸው አብዝተው የሚደዋወሉትን ሰዎች በማኅበር በማኅበር የሚለይ የሒሳብ መንገድ ሠሩ። የሰዎቹን ቋንቋ ለሒሳቡ አልነገሩትም። ሥራው ሲያልቅ ግን፣ ከ10,000 ሰው በላይ ካላቸው ማኅበሮች አንዱ ብቻ ሲቀር፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ከ100 ሰው ከ85 የሚበልጡት አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሆነው ተገኙ፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ፣ ፍላማንድኛ ተናጋሪው ከፍላማንድኛ ተናጋሪ ጋር። የቀረው አንዱ ማኅበር በሁለቱ ወገኖች መካከል ቆሞ ከሁለቱም የተደባለቀ ነበር። ዛሬ የእጅ ስልክ በእረኛውም እጅ ስለ ገባ የድሮው የወሬ መንገድ ጠፍቷል የሚሉ ሰዎች ይህን ነገር ቢያስቡት መልካም ነው፤ ሰው ስልክ ቢይዝም የሚደውለው ለሚያውቀው ሰው ነው።

ለአገር አስተዳደር የሚጠቅመው ከሁሉ ይልቅ ያ በመካከል የሚቆመው ነው። እርሱን የሚፈልጉበትን አቈጣጠር ሚሼል ግርቫንና ማርክ ኒውማን በፈረንጅ 2002 አሳትመዋል፤ በቆቃ ድልድይ ምሳሌነት ቢነገር ለማስተዋል አይከብድም። ከአዋሽ ወዲህ 10 መንደሮች፣ ከአዋሽ ወዲያም 10 መንደሮች አሉ እንበል። በአንድ ወገን ያሉት ሁሉ እርስ በርሳቸው መንገድ አላቸው፤ ከወዲህ ወደ ወዲያ ግን ሁለት መንደሮችን የሚያገናኝ አንድ ድልድይ ብቻ አለ። እያንዳንዱ መንደር ከሌሎቹ ሁሉ ጋር በአጭሩ መንገድ አንድ አንድ ጊዜ ቢላላክ፣ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው የ10 በ10 ብዜት፣ ማለት የ100 ጥንድ መንደሮች መልእክት ይሆናል። ድልድዩን በማይነካው በአንድ ወገን መንደሮች መካከል ባለው መንገድ ላይ የሚያልፈው ግን የሁለቱ መንደሮች ብቻ፣ አንድ ነው። በካርታው ላይ ሁለቱም መስመሮች አንድ ዐይነት ሆነው ሲታዩ በሥራቸው 100ና 1 ናቸው። ሊቃውንቱም ብዙ መልእክት የሚያልፍበትን መስመር እየፈለጉ ይሰርዙታል፤ ከተሰረዘም በኋላ እንደ ገና ቈጥረው የሚቀጥለውን ይሰርዛሉ፤ በመጨረሻ ጨርቁ በስፌቱ ላይ እንደሚተረተር አገሩ በየማኅበሩ ተለያይቶ ይገለጣል።

ቆቃ እንዲህ ያለ ስፌት ነው። ከሞጆ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱና ወደ ሐዋሳ የሚወርደው መኪና በዚያ ያልፋል፤ በሐይቁና በወንዙ ዳር ውሃ በሞተር እየሳቡ ሽንኵርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ ከብት ነጂዎችና ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎች በዚያ ይገናኛሉ፤ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይሰማል። ገበሬው በማሳው ላይ ሆኖ የአዲስ አበባን ዋጋ አያውቅም፤ ነጋዴውም የማን ሽንኵርት መቼ እንደሚደርስ አያውቅም፤ ሁለቱን የሚያውቅ ደላላው ነው። ስለዚህ ደላላ ዘወትር ይሰደባል፤ ዋጋ ሰባሪ ነው ይባላል፤ አንዳንድ ጊዜም እውነት ይሆናል። ነገር ግን እሌኒ ገብረ መድኅን ስለ ኢትዮጵያ የእህል ገበያ በፈረንጅ 2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በአዲስ አበባ የእህል ገበያ የሚሠሩት ደላሎች በየአገሩ የተራራቁትንና የማይተያዩትን ነጋዴዎች እያገናኙ የፍለጋን ድካም የሚያቃልሉ መሆናቸውን አሳይተዋል። ደላላውን ያባረረ ሹም ድልድዩን አፍርሶ ወንዙን እንዳሻገረ ቢቈጥር ይሳሳታል። ይልቅስ ሁለተኛ ድልድይ ይሥራ፤ ገበሬው የዋጋውን ነገር ከሌላም ሰው ቢሰማ የደላላው ክፋት በራሱ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሹማምንት የሚስቱት ነገር አለ። ወሬ አዋቂ ሲፈልጉ ብዙ የሚናገረውን፣ ወይም ብዙ ዘመድ ያለውን ሰው ይጠራሉ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጅ 1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሰው በኩል ሰምተው ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ፣ ወሬውን የነገራቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከ100 ሰው 17 ያህል ብቻ መሆናቸውን ጽፏል፤ ሌሎቹ የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም በብዙ ጊዜ አንድ ቀን ከሚያገኙት ሰው ነው። የቅርብ ዘመድ የሚያውቀው ያንኑ አንተ የምታውቀውን ነውና። በድልድይ ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት በመንደሩ ሸንጎ ድምፅ ላይኖራት ይችላል፤ ከሁለቱ ዳርቻ የሚመጣ ነገር ግን ከሸንጎው ሽማግሌዎች በፊት ጆሮዋ ይገባል።

ይህ ሁሉ ለእርሻና ለከብት ጉዳይ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ «ደስታ» የተባለውን የከብት በሽታ ያስብ። በሽታው በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ገብቶ ከብቱን ባጠፋ ጊዜ፣ ከ100 ከብት 90 ያህሉ እንዳለቀ ይነገራል፤ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ በአገሩ ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ በመቶ ዓመት ውስጥ ብዙ የክትባት ዘመቻ ቢደረግም በሽታው በአፋር ቈላ ተሸሽጎ ኖረ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የከታቢዎቹ ጓድ በመኪና መንገድ ይሄዳል፣ መድኀኒቱ በረዶ ይፈልጋል፣ ከብቱ ግን መኪናም በረዶም በማይደርስበት ይሰማራል። ጓዱ በመጣ ጊዜ ከብቱ ሄዷል፤ ከብቱ በተመለሰ ጊዜ ጓዱ የለም።

በኋላ ጄፍሪ ማሪነር የሚባል የእንስሳት ሐኪም ያለ በረዶ ብዙ ቀን የሚቈይ መድኀኒት ከሠራ ወዲያ የአሠራሩ መንገድ ተለወጠ። ሐኪሞቹ ከብቱ የት የት እንደሚገናኝ፣ በሽታው በየት በኩል እንደሚመጣ እረኞቹን ራሳቸውን መጠየቅ ጀመሩ፤ ከታቢዎቹም ከዚያው ከአርብቶ አደሩ መካከል በሕዝቡ ተመርጠው ተማሩ። በፈረንጅ 1994 እንደዚህ ያሉ 20 ሰዎች በአፋር አገር በአንድ ዓመት 73,000 ከብት ከተቡ። ከኅዳር 1988 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ አገር በሽታው አልታየም፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ በአዋጅ ተነገረ። እነዚያ 20 ሰዎች ከመንግሥት ጓድ የበለጠ ትምህርት አልነበራቸውም። ነገር ግን ከብቱ የሚሄድበትን፣ ወሬውም የሚያልፍበትን መንገድ እነርሱ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሄዱበት ነበር፤ «ከብትህን አምጣ» ሲሉም የሚናገሩት ለሚያምናቸው ሰው ነበር።

ይሁንና የተሰወረውን መልክ ያገኘ ሁሉ በጎ አያደርግበትም። ማርሻል ግራዚያኒ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተጣለበት በኋላ፣ የጣሊያን ግዛት በቶሎ እንደሚያልፍ የሚናገረው ወሬ በአገሩ የሚዞረው በአዝማሪዎች፣ በጠንቋዮችና በትንቢት ተናጋሪዎች አፍ መሆኑን ተረዳ። በመጋቢት 10 ቀን ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም እነዚህ ሰዎች እየተያዙ እንዲገደሉ ማዘዙን፣ እስከዚያም ቀን 70 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ስለ ወሬው አካሄድ የገመተው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ በየገበያውና በየደብሩ የሚዞር ድኻ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ቃል አሻጋሪ ነበረ። ያደረገው ግን ግፍ ነው፤ ግፉም አልጠቀመውም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በጎጃም ዐመፅ ተነሣ፤ በሸዋም አርበኛው እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ አልበረደም። መንገደኛው አፉን ዘጋ፤ ወሬው ግን ገዢው በማይሰማበት በሌላ በኩል ይሄድ ጀመር። በዘመናችንም የወሬውን መንገድ ያወቀ ሹም ዳኝነት ለመያዣ፣ ግብር ለማስገበሪያ ወይም ሰው ለመክሰሻ ቢያውለው፣ በማግሥቱ የሚነግረው ሰው አያገኝም፤ የከብት በሽታ በመጣ ጊዜም የመጨረሻ ሰሚ እርሱ ይሆናል።

በአንድ ወረዳ ይህን ለመፈተን የሚወዱ አስተዳዳሪዎች፣ ብዙ መሬት የሚያሳርሱ ሰዎችም፣ መኪናም ሆነ ማሽን አያስፈልጋቸውም። ያለፈ አንድ ነገር ይመረጥ፤ የሽንኵርት ዋጋ በድንገት የወደቀበት ሳምንት፣ ወይም በአንድ መንደር የከብት በሽታ የታየበት ቀን፣ ወይም ወንዙ የሞላበት ሌሊት። ካለፈ ነገር ይጀመር መባሉ ሰው ስለ ዛሬው ሲጠየቅ ስለሚፈራ ነው። ከዚያም በልዩ ልዩ ቦታ የሚኖሩ፣ ልዩ ልዩ ሥራ ያላቸው 30 ያህል ሰዎች ይጠየቁ፤ ሴቶችና እረኞች አይዘለሉ። ጥያቄው ሦስት ብቻ ነው፤ ነገሩን በሰማህ ጊዜ የት ነበርህ? የነገረህ ሰው ከየት የመጣ፣ ምን ሥራ የሚሠራ ነበር? አንተስ አስቀድመህ ለማን ነገርህ? ጠያቂው ጸሐፊ ተቻኵሎ እንዳይጽፍ፣ በጠያቂነቱም ቍጣ እንዳያሳይ ያስፈልጋል። የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ ባይሄድ ይሻላል።

መልሱ ከተሰበሰበ በኋላ ቦታውና ሥራው በወረቀት ላይ በነጥብ ይጻፍ፤ ወሬው ከየት ወደ የት እንደ ሄደ በመስመር ይገናኝ። ቀጥሎ አንዱን ነጥብ በጣት ሸፍኖ ወረቀቱን መመልከት ነው። መስመሮቹ ሳይበጠሱ ከቀሩ ያ ነጥብ ቢኖርም ባይኖርም ወሬው ይደርሳል። ወረቀቱ ለሁለት ከተከፈለ ግን ስፌቱ ተገኘ ማለት ነው፤ ወፍጮ ቤት ሊሆን ይችላል፣ መርከብ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ፣ የጨው ነጋዴ፣ ወይም የመኪና ረዳት። የወረዳው ጽሕፈት ቤት በዚያ ወረቀት ላይ ከዳር ተጥሎ ቢገኝ ሹሙ አይቈጣ፤ የሚመጣውን ክትባት ወይም የውሃ መሙላት ወሬ ከደብዳቤው ጋር አንድ ቀን አስቀድሞ ወደ ስፌቱ ይላክ፤ ብቸኛ በሆነው ስፌት አጠገብም ሌላ ይፈለግ፤ ያ ሰው በታመመ ቀን የታችኛው አገር ሳይሰማ እንዳይቀር።

በወረቀቱ ላይ ግን ቦታና ሥራ እንጂ የማንም ሰው ስም አይጻፍ።